ዘጠኝ ወር ከሲኖ ጋር፦ ነዳጅ ስሰጣትና እግሬን ሳነሳ

ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖ ገልባጭ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ያገለገለች ናት። ከሱሉልታ ገረጋንቲና ጠጠር እየጫንኩ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ልግዛ የሚል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጎማና ስለ ናፍጣ ፍጆታ ነው። እኔ ግን ነዳጅ ስትሰጣት ምን እንደምትል፣ እግርህን ስታነሳ ምን እንደምታደርግ ነው መጀመሪያ የምነግረው። የሞተሩ ጤንነት የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

በፊት የምነዳው የቤንዚን ሚኒባስ ነበር። ነካ ስታደርገው ይጮሃል፣ ስትለቀው ወዲያው ይወርዳል። ሲኖ እንደዚያ አይደለችም። ሞተሩ 9.7 ሊትር ነው፣ ውስጡ የሚዞረው ብረትም ከባድ ነው። ስትረግጥ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) እስኪነሳ ትዘገያለች፤ ከዚያ ፉጨቱና ጉልበቱ አብረው ይመጣሉ። ማርሽ ስጨምርም ዙሩ ቶሎ ስለማይወርድ መታገስ ለመድኩ። በደቂቃ ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር ባለው መሃል ካቆየኋት ሙሉ ጭነት ይዛም አትለምንም።

ስለ ጭሱ ልንገራችሁ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ከቆላው ሩብ ያህል ይሳሳል። በድንገት ስትረግጥ ፖምፓው ናፍጣውን ወዲያው ይሰጣል፤ ቱርቦው ግን አየሩን እስኪያደርስ ትንሽ ይቆያል። በደንብ ያልነደደው ናፍጣ ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው። ቡልቅ ብሎ ከጠፋ ደህና ነው።

አራተኛው ወር ላይ አልጠፋ አለ። ዳገቱ ላይ ጭሱ ከኋላዬ ያለውን መኪና ሸፈነው። ጉልበት የለም። ፉጨቱም እንደሚተነፍስ ጎማ «ሽሽሽ» ሆነ። አንድ ጋራዥ «ኖዝል ነው» ብሎ ናፍጣ የሚረጩትን ስድስቱንም አስቀየረኝ። ለውጥ የለም። ከሳምንት በኋላ ካቢናውን አንስተን ረዳቴ ቱቦዎቹን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው) የሚሄደው የጎማ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ አየ። ቱቦውን በእጁ ሲይዘው ዞረ። ማሰሪያው ላልቶ፣ ቱርቦው የሚገፋው አየር እዚያ ላይ እየባከነ ነበር። በካቻቢቴ ጥብቅ አደረግነው። በሚቀጥለው ቢያጆ ጭሱም «ሽሽታውም» የለም። የኖዝሉ ገንዘብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እግር ማንሳቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየር የሚዘጋ ቫልቭ የለውም። ስትለቅ የሚቋረጠው ናፍጣው ነው፤ አየሩ እንደልቡ ይገባል። ስለዚህ ብቻውን ብዙ አይዝም። ጭስ ማውጫውን የሚዘጋው የሞተር ፍሬን የመጣው ለዚህ ነው። ከእንጦጦ ስወርድ ስጫነው ድምፁ ታፍኖ ይወፍራል፣ መኪናዋም ከኋላ በገመድ የተያዘች ትመስላለች። የፍሬን ሸራ እስካሁን አልቀየርኩም።

ግን ዙሩን ተጠንቀቁ። ነዳጅ ስትሰጥ 2,200 እንዳያልፍ ፖምፓው ይጠብቅልሃል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ጭነቱ ነው፤ ናፍጣ መቋረጡ አያድነውም። ያለቦታው ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ካስገባህ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ።

ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ ዜሮ አድርገው የሚወርዱም አሉ። ማርሽ ውስጥ ሆና፣ እግርህን አንስተህ ስትወርድ እኮ ናፍጣው ተቋርጧል! ዜሮ ስታደርጋት ነው ሳትጠፋ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ለመቆየት የምትጠጣው። ሞተሩ መኪናዋን የሚይዝበትንም ጉልበት ታጣለህ። እባካችሁ ተዉት፤ የዚያ መንገድ ዳር እግረኛ አይጠፋበትም።

ሞተሩን አንዴ አስጩሆ ቁልፍ ማጥፋትም የቆየ ልማድ ነው። ቱርቦው ገና እየከነፈ ዘይቱ ይቋረጥበታል። እኔ ማታ ስገባ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ እተዋታለሁ። ረዳቴ በዚያ መሃል ጎማዎቹን ዞሮ ያያል። ሲመለስ አጠፋታለሁ።