የሚያፈስ የፍላሽ ታንከር፦ ጎማ፣ ጋሌጃንቴ ወይስ ሙሉ ዕቃ?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት የሚያፈስ ፍላሽ ከባድ ኪሳራ ነው። በ10 ደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ቢያፈስ፣ በቀን 36 ሊትር ይሄዳል። በሳምንት 252 ሊትር፤ የ1,000 ሊትር ሮቶ ሩብ በከንቱ አለቀ ማለት ነው።

ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀርብልዎት ሙሉው ዕቃ፣ ማለትም የታንከሩ የውስጥ ዕቃ በሙሉ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚበቃው አንዲት ጎማ ናት። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ማታ ታንከሩን ሞልተው ወደ ታንከሩ የሚገባውን ውሃ መዝጊያ ይዝጉ፤ የውሃውን ልክ በእርሳስ ያስምሩ። ጠዋት ውሃው ከመስመሩ ወርዶ ወለሉ ደረቅ ከሆነ ጥፋቱ የማፍሰሻው ጎማ ነው። ወለሉ ከረጠበ በታንከሩና በመቀመጫው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) ወይም የብሎኖቹ ጎማ ነው። ውሃው ካልወረደ፣ መዝጊያው ሲከፈት ግን በትርፍ ውሃ ቱቦው ውስጥ የሚፈስ ከሆነ ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚያቆመው ጋሌጃንቴ አልዘጋም።

ጎማ ብቻ። ጥቁሩ ርካሽ ነው፤ ክሎሪን ባለው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ግን ያብጣል፣ ሲነኩት ጣት ያጠቁራል። ሲሊኮኑ ቅርጹን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛልና የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እሱን ይምረጡ። መጠኑ ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ለአንዲት ጎማ ሁለቴ ወደ ደሴ የሚወስደውን የዶሮ መዝለያ ዳገት መውጣት አያዋጣም። በብዙዎቹ ዓይነቶች የማፍሰሻው አካል ሩብ ዙር ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል፣ ጎማውም በእጅ ይላቀቃል። የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ብቻ ይጥረጉ። በቢላዋ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ፕላስቲኩ ይጫጫራል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጎማም አይዘጋውም። ታንከር ውስጥ የሚጣለው የክሎሪን ክኒንም ጎማን ቶሎ ይጨርሳል።

ጋሌጃንቴ። ምርጫው በነሐሱ ባለኳስና በቀጥ ያለው ፕላስቲክ መካከል ነው። ነሐሱ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ስላሉት ጎማው ለብቻው ይቀየራል፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን ደለልም የተሻለ ይችላል። ችግሩ ሰፊ ታንከር መፈለጉና ኳሱ መበሳቱ ነው፤ ነቅንቀው ውስጡ ውሃ ከተሰማ ኳሱን ይቀይሩ። ፕላስቲኩ ለጠባብ ታንከር ይመቻል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ቀጭን ቀዳዳው ግን በደለል ይደፈናል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በግፊት ነው። ሮቶው ከጋሌጃንቴው 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.2 ባር ነው፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት ያንብቡ። ለእንዲህ ዓይነት ቤት እኛ የምንመርጠው ነሐሱን ነው። መግቢያው ከጎን ይሁን ከሥር፣ ጥርሱም ግማሽ ኢንች ይሁን ሌላ አስቀድመው ይመልከቱ። የፍሌክሲብሉ (የማገናኛ ቱቦው) ጫፍ የራሱ ጎማ ስላለው ቴፍሎን አያስፈልገውም። ሲገጥሙ የውሃው ልክ ከትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

ሙሉ ዕቃ። ተገቢ የሚሆነው ጎማው የሚያርፍበት ፕላስቲክ ሲሰነጠቅ ወይም የሚጫነው ቁልፍ ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠፋ ነው። ሁለት ቁልፍ ያለው በተለምዶ 3 እና 6 ሊትር እየለየ ስለሚለቅ ውሃ ይቆጥባል፤ ሁለቱንም እዚያው ሱቅ እየጫኑ ይሞክሯቸው። ቁመቱ የሚስተካከለውን ይግዙ፣ የታንከሩን ጥልቀትም ለክተው ይሂዱ። ታንከሩ ከመቀመጫው ላይ ስለሚነሳ የመካከሉን ጓርኒሲዮንና የብሎኖቹን ጎማዎች አብረው ይግዙ፤ አሮጌው አንዴ ከተነሳ በኋላ መልሶ አይዘጋም። ብሎኖቹን እያፈራረቁ በእጅ ያጥብቁ፣ ከዚያ በብሎን መፍቻ ከግማሽ ዙር አይለፉ፤ ሸክላው ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ታንከሩን ሞልተው ከሥሩ ደረቅ ወረቀት ያንጥፉ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ከረጠበ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ።