የቆየ ፓካርድ ከፍታውን ማስተካከል ሲያቆም፦ በቀጥታ ኃይል መስጠት ወይስ በቴስተር መከታተል?

የአሜሪካው መኪና አምራች ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ያስተዋወቀው ቶርሽን ሌቭል መኪናውን በሚጠመዘዙ ዘንጎች የሚሸከምና ከፍታውን እንደ ጭነቱ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያስተካክል ሥርዓት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ እንዳይነሳ ሰባት ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ስለዚህ ወዲያው አለመነሳቱ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

ጨርሶ ጸጥ ካለ ግን፣ አንዳንዶች ከባትሪው ወደዚህ የኤሌክትሪክ ሞተር በቀጥታ ገመድ ይዘረጋሉ። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ሞተሩ ከዞረ ችግሩ ከእሱ በፊት ባለው መስመር ላይ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም የመጨረሻ ገደቡን የሚጠብቀው ማብሪያ ስለሚታለፍ፣ ኃይሉ ትንሽ ከቆየ ዘንጎቹ ከመጠን በላይ ሊጠመዘዙ ይችላሉ፤ ከመኪናው ሥር ለተኛ ሰው ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

በቴስተር (የቮልቴጅ መለኪያ) ከመቆጣጠሪያ ማብሪያው እስከ ሶሌኖይዱ፣ ማለትም ለሞተሩ ኃይል እስከሚያገናኘው መግነጢሳዊ ማብሪያ፣ መስመሩን መከታተል አሰልቺ ቢሆንም፣ የተደበቀውን ያወጣል። የዛገ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝ የኤሌክትሪክ መመለሻ) ያለበት መስመር ሞተሩ ሳይሠራ 12 ቮልት ያሳይና ሞተሩ ሊነሳ ሲል ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሥርዓቱ ስለሚቋረጥም፣ የፍሬን መብራቱ ፔዳሉ ሳይነካ በርቶ ከቀረ ጥፋተኛው የፍሬን ማብሪያው ሊሆን ይችላል።

እኔ ቴስተሩን አስቀድማለሁ፤ ቀጥታ ኃይል የምሰጠው መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ብቻ ሲያጠራጥረኝ፣ ያውም ለቅጽበት ነው።