ለአንገት ሕመም የትኛው ይሻላል? የእጅ ሕክምና ወይስ የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ

አንገቱ ወደ ፊት የወጣና ትከሻው የጎበጠ ሰው ሕመም ሲበረታበት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ቢሄድ፣ ባለሙያው ጡንቻውን በእጁ ሊያሽለትና መገጣጠሚያውን ሊያንቀሳቅስለት፣ ወይም ታካሚው ራሱ የሚሠራውን የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ሊያስተምረው ይችላል። የእጅ ሕክምናው ፈጥኖ ያሳርፋል፤ የተወጠረው የትከሻና የማጅራት ጡንቻ ላላ ሲል አንገት እንደ ልብ ይዞራል። ይሁን እንጂ 5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን ጭንቅላት ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች በመታሸት ብቻ ስለማይጠነክሩ፣ እፎይታው ብዙውን ጊዜ አይዘልቅም።

እንቅስቃሴው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለውጡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ለምሳሌ በጀርባ ተኝቶ፣ ጭንቅላትን ከመኝታው ሳያነሱ፣ በአዎንታ እንደሚነቀንቅ ሰው አገጭን በዝግታ ወደ ጉሮሮ ስቦ 10 ሰከንድ ያህል መቆየትና ይህንኑ እስከ 10 ጊዜ መደጋገም ጥልቆቹን የአንገት ጡንቻዎች ያሠራል። በዚህ ጊዜ በአንገት ፊትና ጎን ያለው ጡንቻ በጣት ሲዳሰስ ገትሮ ከተገኘ፣ ጉልበት በዝቷልና መቀነስ ይገባል።

በእኔ እምነት ዋናው ሕክምና እንቅስቃሴው ነው፤ የእጅ ሕክምናው የሚያስፈልገው ሕመሙ እንቅስቃሴውን ለመጀመር እንኳ ሲከለክል ነው። ክንድን የሚያደነዝዝ ወይም የሚያዝል ሕመም ግን ከሁለቱም አስቀድሞ በሐኪም መመርመር አለበት።