ቤታችሁን ግራጫ ከማስቀባታችሁ በፊት እኚህን ሰው አናግሩ

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች። ቤታችንን ለቀቡልን ባለሙያ፣ ጋሼ ለምላቸው ሰው፣ ይህን ምስጋና ሰኔ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ግን አዲስ ቀለም ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያምራል፣ ክረምቱ ይለፍበትና እናያለን ብዬ ቆየሁ። አሁን ጥቅምት ነው። ዝናቡም አለፈበት፣ ልጆቹም በእጃቸው፣ በኳሳቸውና በብስክሌታቸው ፈተኑት፣ አማቴም መጥተው አዩት። ስለዚህ ልጻፍ።

የምንኖረው አቶቴ አካባቢ ነው። ሦስት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ መስኮት የሌለው ረጅም ኮሪደርና ኩሽና። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ቤቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ግራጫ እንዲሆን። በጣም የነጣውም ሳይሆን፣ ጥቁር ሊሆን የደረሰውም ሳይሆን፣ መሀሉ። ነጭ ሁለት ወንድ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ አይሆንም። ክሬም ደግሞ ይቅርታ አድርጉልኝና ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼ ጠግቤዋለሁ፤ የተማርኩበት ክፍል ክሬም፣ ክሊኒኩ ክሬም፣ የአክስቴ ሳሎን ክሬም።

መጀመሪያ ያሠራነው ሌላ ሰው ነበር። ማንነቱን ተዉት። ነጭ ቀለምና ጥቁር ገዝቶ መጣ፣ በባልዲ ውስጥ በእንጨት እያማሰለ በዓይኑ ለካ። አንድ ክፍል ሲጨርስ ለሚቀጥለው ክፍል እንደገና ይበጠብጣል። ሳሎኑ ሲያልቅ ኮሪደሩን ቀጠለ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሁለት የተለያየ ግራጫ ቁጭ አለ። «ሲደርቅ ይመሳሰላል» አለኝ። ደረቀ። አልተመሳሰለም። መኝታ ቤቱ ደግሞ ማታ ማታ ሰማያዊ ሆኖ አረፈው፣ የሆስፒታል ተረኛ ክፍል ውስጥ የተኛሁ ነበር የሚመስለኝ።

ከሁሉም የከፋው ግን አማቴ የመጡ ቀን ነው። ሳሎን ገብተው ዙሪያውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጆቼ፣ ገንዘብ አጠራችሁ እንዴ? ልስን ላይ ቀራችሁ?» አሉን። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ልክ ነበሩ። እኛ አገር ግራጫ ግድግዳ ማለት ገና ያላለቀ ቤት ነው። ሲሚንቶ ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ግራጫ ሲቀባ ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ለሰውየው ልንደውል ብንል ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነሳም።

ጋሼን ያገኘናቸው በጎረቤት ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እሳቸውም አትጻፊ ብለውኛል። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ይመስለኛል፣ አንድ ወጣት ረዳት አላቸው። አመሻሹ ላይ ከሥራ መልስ መጡ፣ ስለ ዋጋ ምንም ሳያነሱ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ልጄ፣ ማታ የምታበሩት የትኛውን አምፖል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሚቀልዱ መሰለኝ። የአምፖሉን ካርቶን አመጣሁላቸው፣ መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሩን አነበቡ። 6500። «ይሄ ነው አንዱ ጥፋት» አሉ። 6500 የተጻፈበት አምፖል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ 3000 የሚለው ደግሞ ወደ ቢጫ፤ ግራጫ የራሱ ጉልበት ስለሌለው ያበራበትን ሁሉ ይቀበላል አሉኝ። ቀለም ሳይቀቡ አምፖል ብቻ አስቀይረው መኝታ ቤቱን ግማሽ መንገድ አዳኑት። ለዚህ ምክር አንድ ብር አልጠየቁም።

ሁለተኛው ጥፋት ቅልቅሉ ነበር። ነጭ ላይ ጥቁር ብቻ ከጨመሩበት የሚወጣው ግራጫ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እሳቸው ትንሽ ቢጫና ትንሽ ቡኒ ጠብ ያደርጉበታል። «ቡና ውስጥ እንዳለ ጤና አዳም ነው» አሉኝ፣ «ይሸታል እንጂ አይታይም።» ይህን የሰማ ወንድሜ፣ ፎቶ አንሺ ነው፣ የራሱን ጨመረበት። በፎቶ ሙያ መካከለኛ ግራጫ የሚባለው የሚመልሰው ብርሃን 18 በመቶ ብቻ ነው፣ ዓይናችን ግን ከጥቁርና ከነጭ መሀል ያለ አድርጎ ያየዋል አለ። ስለዚህ ግማሽ ነጭ ግማሽ ጥቁር ቢቀላቀል መካከለኛ ይወጣል ማለት አይደለም። ለግድግዳ ደግሞ ያ 18 በመቶ ራሱ ከባድ ነው፣ እኛ የመረጥነው ከዚያ ብዙ የነጣ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እኔ በመቶኛ አላውቀውም፣ ግን ጥቁሩን በማንኪያ ነው የምጨምረው» ብለው ዘጉት።

አሁን ወደማመሰግንበት ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ነገ ይጀምሩልን ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። በማግስቱ ሦስት ቁራጭ የቺፑድ ሰሌዳ በሦስት ዓይነት ግራጫ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀብተው አመጡና ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሄዱ። «ሦስት ቀን አብራችኋቸው ኑሩ። ከክፍል ክፍል አዙሯቸው። ጠዋት እዩአቸው፣ ማታም እዩአቸው፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ እዩአቸው።» ሥራ ይዘው፣ ደንበኛው ገንዘቡን ይዞ እየለመናቸው፣ ቆዩ ብለው የሚሄዱ ባለሙያ እኔ ከዚህ በፊት አላየሁም።

አዞርናቸው። ልጆቹ ጨዋታ አደረጉት። አንዱ ሰሌዳ ሳሎን ውስጥ የርግብ ላባ ይመስላል፣ ኮሪደር ሲገባ ጥላሸት ይሆናል። ሳሎናችን ወደ ሐይቁ፣ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቁልቁል ስትመጣ ግራጫው ሁሉ ሞቅ ይልና አንዱ ሰሌዳ ጭራሽ የወተት ሻይ መሰለ። የልጆቹ ክፍል መስኮት በሰሜን በኩል ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማያገኝ ግራጫ አትቀቡበት ይላል፣ በዚህ ምክንያት ክፍሉን ልተወው ነበር። ጋሼን ስጠይቃቸው «የት አገር ነው እሱ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሀዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ገደማ ነው የምትርቀው። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ደመና ከሌለ በሰሜኑ መስኮት ትገባለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ያ ምክር የተጻፈው አውሮፓ ላሉ ሰዎች ነው። በሦስተኛው ቀን ሁላችንም፣ ትንሹ ልጄ ሳይቀር፣ አንዱን ሰሌዳ መረጥን።

ከዚያም አልጀመሩም! የሳሎኑ ግድግዳ ታችኛው ክፍል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨው ያወጣ ነበር። የፊተኛው ሰው ዝም ብሎ ቀብቶበት ነበር፣ በወሩ ተላጠ። ጋሼ በስፓቹላ ፋቁት፣ ወደ ውጭ ወጥተው ዞሩና ባለቤቴን ጠሩት። አበባ የተከልንበት አፈር ግድግዳው ላይ ተከምሮ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል። ባለቤቴ በየማታው ውኃ ያጠጣል፣ ውኃው በግድግዳው በኩል ወደ ሳሎናችን ይመጣል። «ቀለም ውኃ አያቆምም» አሉና አፈሩን አስነስተው ግድግዳው እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ሌላ ሥራ ሄዱ። ባለቤቴ ስለ አበቦቹ እስከዛሬ ቅር ይለዋል።

ሥራው ሲጀመር ግን ተጀመረ። አሮጌውን ፋቁ፣ ስቱኮ፣ ማለትም ግድግዳ የሚያስተካክለውን ሊጥ የመሰለ ነገር፣ ሁለት ጊዜ መቱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፣ መብራት በጎን እያበሩ እብጠቱን ፈለጉ። ቀለሙ ትንሽ የሚያበራ ዓይነት እንዲሆን የመከሩኝ እሳቸው ናቸው። ልስን ፈዛዛ ነው፣ አያብረቀርቅም፤ ትንሽ የሚያበራ ግራጫ ግን ቀለም መሆኑን ዓይን ወዲያው ያውቃል፣ በእርጥብ ጨርቅም ይጸዳል። ጉዳቱ የግድግዳን ጉድለት አጉልቶ ማሳየቱ ነው፣ ለዚህ ነው ስቱኮው ላይ ያን ያህል የደከሙት። ኮርኒሱን፣ በሮቹንና የግድግዳውን ግርጌ የሚዞረውን ዞኮሎ ንጹሕ ነጭ አደረጉ። ለእኔ ቤቱን ከሲሚንቶነት ያወጣው ይህ ነጭ ጠርዝ ነው። ኮሪደሩን ነጣ ላድርገው ብዬ ነበር፣ «አንድ ቀለም ካልሽ አንድ ይሁን፣ ይልቅ አምፖል ጨምሪ» አሉ። ሁለት ጨመርን፣ በቃ።

ቅልቅሉን በተመለከተ፣ ለሚያስቀባ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው። መስኮትና በር ሲቀነስ ወደ 170 ካሬ ግድግዳ አለን። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 340 ካሬ። አንድ ሊትር በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፣ ስለዚህ 34 ሊትር። እሳቸው 38 ሊትር ለቤቱ በሙሉ አንድ ላይ፣ በአንድ በርሜል፣ በአንድ ቀን በጠበጡ። ሳሎንና ኮሪደር አልተጣሉም። የተረፈውን ሦስት ሊትር ገደማ በጣሳ አሽገው፣ ቀኑን ጽፈውበት ሰጡን። ትልቁ ልጄ ነሐሴ ላይ በብስክሌት ግድግዳ ሲልጥ ያን ጣሳ ከፈትኩ፣ ራሴ ነካ ነካ አደረግኩት፣ ዛሬ ቦታውን ፈልጉ ብላችሁ አታገኙትም።

ጉድለታቸውን ካልነገርኳችሁ ዘመዳቸው እመስላለሁ። ሁለት ሰዓት ብለው ሦስት ተኩል ይመጣሉ። ሬዲዮናቸው ጮክ ያለ ነው፣ ዜናም ኳስም ሳይመርጡ ከጠዋት እስከ ማታ። የመስኮት መስታወት ላይ ያንጠባጠቡትን ረዳታቸው ሳይጠርግ ሄዶ እኔ በምላጭ ስፍቅ ዋልኩ። የእጅ ዋጋቸውም በካሬ ከፊተኛው ሰው ይበልጣል፤ ግን ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል፣ እኔ ሁለት ጊዜ ከፍዬ ነው የምነግራችሁ። ክፍያውን በሦስት ጊዜ ነው የተቀበሉት፣ የመጨረሻውን ግን ቀንም ማታም አይታችሁ ክፈሉኝ ብለው በማግስቱ ነው የወሰዱት። ለሠርግ ወይም ለክርስትና በአንድ ሳምንት ይድረስልኝ የምትሉ ከሆነ ግን አትደውሉላቸው፣ ትጣላላችሁ።

አማቴ መስቀል ሰሞን መጡ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ፣ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ከዚህ በፊት እኛ ቤት ጫማ አውልቀው አያውቁም። «አሁን ገና ቀባችሁ» አሉ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ቺፑዶቹን አልጣልናቸውም፣ ልጆቹ ጎል አድርገዋቸዋል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ስትደውሉ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ መሰላል ላይ ሆነው አያነሱም። የአምፖላችሁን ካርቶን ደግሞ አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።