ደብረ ብርሃን ላይ የካውቦይ መጠጥ ቤት፦ የአንድ ፎቶ ቤት አገልግሎት ሲገመገም

በደብረ ብርሃን ከሚገኙት ፎቶ ቤቶች አንዱ፣ ከሠርግና ከምረቃ ሥራው ጎን ለጎን፣ አንዲት ክፍሉን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የምዕራብ አሜሪካ መጠጥ ቤት አስመስሎ አሰናድቶ ደንበኞችን እንደ ፊልም ተዋናይ ያነሣል። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ተነሥተን ነበር፤ ዝግጅቱ ከጠበቅሁት በላይ፣ የመጨረሻው እርማት ግን ከጠበቅሁት በታች ሆኖ አገኘሁት።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሆኖም ከጉልበት እስከ ደረት ብቻ የሚከልለው ተወዛዋዥ በር፣ የተቧጨረው የእንጨት ባንኮኒና ከጀርባው የተደረደሩት ጠርሙሶች በካሜራ ሲታዩ ጥበቷን ያስረሳሉ። በመለኪያው ያለው «ዊስኪ» የቀዘቀዘ ሻይ ነው፤ ከመካከላችን አንዱ የአገሩ አረቄ ይቀዳልን ቢልም፣ አረቄ እንደ ውኃ ጥርት ያለ በመሆኑ ፎቶ ላይ መጠጥ አይመስልም ተብሎ ተከለከለ (ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይመስለኝም)።

ባለሙያው ይበልጥ የሚመሰገነው በብርሃን አያያዙ ነው። ዋናውን መብራት ከበሩ ውጭ፣ ከኋላችን አቁሞ ብርቱካንማ በሆነ ስስ ላስቲክ ሸፈነው፤ ከባንኮኒው ሥር ደግሞ ዕጣን አጨሰ። ጭስ ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት ፎቶውን ከማደብዘዝ በቀር አይፈይድም፤ ከኋላ ሲመጣበት ግን ጨረሩ በየጠርሙሱ መካከል ተለይቶ ይታያል፤ የሲኒማው መልክ የተገኘውም ከዚህ ነው። ምስሉንም ከጭናችን አጋማሽ ላይ ቆረጠው፤ በካውቦይ ፊልሞች የተለመደው ይህ አነሣስ በወገብ የታጠቀው ሽጉጥ ከፊት ገጽታ ጋር አብሮ እንዲታይ ያደርጋል።

ቀልዱም የዋዛ አልነበረም። ማንም እንዳይስቅ አዘዘ፤ ካርታ የሚጫወተውንም ጓደኛችንን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እንዲቀመጥ አደረገ። የምዕራብ አሜሪካው ስመ ጥር ተኳሽ ዋይልድ ቢል ሂኮክ እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ ዴድውድ ከተማ በሚገኝ መጠጥ ቤት ካርታ ሲጫወት የተገደለው ከኋላው ተተኩሶበት ነውና፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በበሩ የሚገባውን ሲያይ ይገባዋል፤ የማያውቀውንም የተጫዋቹ ኮስታራነት ያስቀዋል። የሚከራዩት ሰደርያዎች የደብረ ብርሃንን ብርድ ስለማይመክቱ፣ በበሩ የገባው ጓደኛችን የለበሰው የራሱን ጥቁር የመንዝ በርኖስ ነበር፤ ከኪራይ ልብሱ ሁሉ ይልቅ ካውቦይ ያስመሰለውም እሱ ነው።

ጉድለቱ የመጣው ኤዲት ላይ ነው። ፊታችን እንደ ሙሽራ ፎቶ ተለስልሶ፣ የግንባራችን ሽብሽብ ሁሉ ጠፍቶ ደረሰን፤ ኮስታራነቱም አብሮ ጠፋ። ስንጠይቅ ያልተነካውን ቅጂ ሳያንገራግሩ ሰጡን። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ፊቱ እንዳይለሰልስ አስቀድሞ ይናገር፤ በቴሌግራም ሲቀበልም በፋይል መልክ እንዲላክለት ይጠይቅ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ በጭሱ ውስጥ ያለው ስስ ጨረር ይበላሻል።