«ማጣሪያ መቀየር አያስፈልጋትም» የሚሏችሁን አየር ማጽጃ አትግዙ

ማስታወቂያዋ በየቦታው ነው። ትንሽዬ ሳጥን ናት። ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ድምፅ የላትም፣ ማጣሪያ ቀይሩልኝ አትልም። «አክቲቭ ኦክስጅን»፣ «የተራራ አየር» ምናምን ይሏታል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ኦዞን ታመነጫለች ወይ?

እኔ ስጠይቅ ሻጩ ፊቱ በራ። «አዎ! ኦዞን እኮ ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን እሱ በብዙ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ነው። መኝታ ቤት ሲገባ ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ ነው። ያስላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አስም ያለበትን ሰው ያባብስበታል። ያ «ንጹሕ» እየተባለ የሚሸጥልን ሽታም የራሱ የጋዙ ሽታ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ብዙ ሲሠራ የሚሸተውን ታውቁት የለ? እሱ ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በግልጽ ጽፎታል፤ ኦዞን ለጤና ከተቀመጠው ገደብ ሳያልፍ የቤት አየር የማጽዳት አቅሙ እዚህ ግባ አይባልም። ማለትም ማሽኗ ወይ አትሠራም፣ ወይ ትጎዳችኋለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ0.05 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.05 ክፍል) በላይ ኦዞን የሚለቅ የቤት አየር ማጽጃ መሸጥ ክልክል ነው። ይባስ ብሎ፣ ኦዞን የሎሚ ወይም የጥድ ሽታ ካለው የወለል ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ፎርማልዲሃይድ ይፈጠራል። ፎርማልዲሃይድ ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው። ለጽዳት የከፈልነው ገንዘብ!

«አዮን» የሚል ቁልፍ (አየሩን በኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያደርግ) ያላቸውም አንዳንዶቹ ኦዞን ያወጣሉ። ቁልፉ የሚጠፋ ከሆነ አጥፉት።

ደህና ማሽን የምትፈልጉ ሄፓ (HEPA) የሚባል፣ ጥቃቅን ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለውን ፈልጉ፤ ግን «የሄፓ ዓይነት» በሚል ጽሑፍ አትሸወዱ። አሜሪካኖቹ በሚጠቀሙበት መለኪያ እውነተኛው ሄፓ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከሆኑ ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን ይይዛል። «ዓይነት» የምትለዋ ቃል ግን ምንም ቃል አትገባም። በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ የጸዳ አየር እንደሚሰጥም ጠይቁ፤ ቁጥሩን መናገር ካልቻሉ ተዉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝን ግን ሄፓም አያስቀረውም፤ ለእሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ለብቻው ይገዛል።

ኦዞኗን የገዛችሁ ካላችሁ ከሶኬት ንቀሏት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ደረሰኙ ካለ ዛሬውኑ መልሷት። «ሰው በሌለበት ብቻ አብሯት» ካሏችሁም፣ ለምን እንደዚያ እንዳሉ እዚያው ጠይቋቸው።