ከፒያሳ የገዛሁት ያገለገለ ኦርጋን

ጎንደር ፒያሳ ካለች አንዲት ጠባብ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ከገዛሁ ሦስት ወር ሆነኝ። እኛ ሰፈር ኪቦርድ የሚለው ሰው የለም፤ ለሁሉም «ኦርጋን» ነው። የገዛሁትም ለአንድ ኦርጋን ተጫዋች ስል ነው። ሉዊ ክሎድ ዳካን ይባላል። በ1694 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ተወልዶ፣ በስድስት ዓመቱ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት ተጫውቷል። በአንዲት ወፍ ስም «ኩኩ» የተባለች ሥራውን ስልኬ ላይ ሰማሁና አላስቀምጥ አለችኝ።

ሻጩ 14,000 ብር አለኝ፤ በ12,500 ተስማማን። ቤት ገብቼ ስሞክረው መሃል ላይ ያለችው ሚ የምትባለዋ ድምፅ አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ዝም ትላለች። «ኩኩ» ደግሞ በሚ ማይነር፣ ማለትም ሚን መነሻ ባደረገ ቅኝት ነው የተጻፈችው፤ ሚ ከሌለች ምሰሶ የሌለው ቤት ማለት ናት። በማግስቱ ተሸክሜው ተመለስኩ። «ጋሼ፣ አያስቡ፣ ላስቲኩ ነው» አለኝ። እዚያው ፊቴ ፈታው፣ ከቁልፉ ሥር ያለውን ላስቲክ አውጥቶ በአልኮልና በጥጥ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። አምስት ሳንቲም አልጠየቀኝም። ሚ እስከ ዛሬ ደህና ናት። ለዚህ ብቻ እንኳ ሱቁን ለሰው እመክራለሁ።

ቁልፎቹን ብትመታቸውም ቀስ ብለህ ብትነካቸውም ድምፃቸው እኩል ነው። ለሌላ ሙዚቃ ትልቅ ጉድለት ነው። ለዳካን ግን ተስማምቶኛል። «ኩኩ» በ1735 የታተመችው ለሃርፕሲኮርድ፣ ፒያኖ ለሚመስል የድሮ መሣሪያ ነው፤ ሃርፕሲኮርድ ክሩን እንደ ክራር ቆንጥሮ ስለሚያሰማ የጣት ጉልበት ድምፁን እምብዛም አይለውጠውም። ሕይወት የሚሰጠው ቁልፉን መቼ እንደምትለቅ ነው። ቀኝ እጅ ሳያርፍ ይሮጣል፣ ወፏ ከሥር ሁለት ድምፅ ትጥላለች፣ ከላይ ወደ ታች። ግራ እጄን ትንሽ ካዘገየሁ ወፏ ትጠፋለች። ይህን ለመልመድ አንድ ወር ሙሉ ፈጀብኝ።

ኪቦርዱ ውስጥ ከተሞሉት ድምፆች የሃርፕሲኮርዱ ጥርት ያለ ነው። «ቸርች ኦርጋን» የሚለው ግን ይንቀጠቀጣል፣ አልወደድኩትም። ዳካን የፓሪሱ ካቴድራል የኖትር ዳም ኦርጋን ተጫዋች የሆነው በ1755 ነው፤ እዚህ ዳግማዊ ኢያሱ ያረፉበት ዓመት። «ኩኩ» ስትታተም ደግሞ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ስለ ልጃቸው አገር ያስተዳድሩ ነበር። ቁስቋም ወጥቼ የእቴጌይቱን ፍርስራሽ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

መብራት ሲጠፋ በስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በጨለማው «አባዬ፣ ወፏን አስጩህልኝ» ትለኛለች።

አሁን ዳካን በልደት በዓል (የገና) መዝሙሮች ላይ ከሠራቸው ለኦርጋን የሚሆኑ ሥራዎች አንዱን ጀምሬያለሁ። ኪቦርዱ የእግር መርገጫ የለውም፤ ወፍራሙን ድምፅ በግራ እጄ ለመሸፈን እሞክራለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቶቼ አይደርሱም።